ሩብ ሰከንዱ የማን ጥፋት ነው?

ከአምስተርዳም የተነሣ የሬዲዮ ድምፅ ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ በምትገኝ ሳተላይት በኩል ዞሮ አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ሩብ ሰከንድ ይወስድበታል። ሁለቱ ከተሞች በምድር ገጽ ላይ የሚራራቁት 5,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን ይህን ርቀት በቀጥታ ቢጓዘው ኖሮ 19 ሚሊሰከንድ በበቃው ነበር። ነገር ግን መንገዱ ወደ ላይ 38,900፣ ወደ ታች ደግሞ 36,100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ድምፁ በድምሩ 75,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ምድርን በወገቧ በኩል ሁለት ጊዜ ለመዞር ጥቂት ብቻ የቀረው መንገድ ማለት ነው። ጥያቄ ሄዶ መልስ እስኪመለስ ደግሞ ግማሽ ሰከንድ ይሆናል። ይህን መዘግየት የትኛውም መሐንዲስ ሊያሳጥረው አይችልም፤ የብርሃን ፍጥነት በሰከንድ 299,792 ኪሎ ሜትር ነውና።

ግማሽ ሰከንድ ምን አላት ይባል ይሆናል። በሰው ለሰው ንግግር ውስጥ ግን ብዙ ነገር አላት። በዚሁ በኔዘርላንድስ፣ በናይሜኸን ከተማ በሚገኘው የማክስ ፕላንክ የሥነ ልሳን ተቋም የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች በ2009 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሥር ቋንቋዎችን አነጻጽረው አንድ ጥናት አውጥተው ነበር። የጠየቁት ቀላል ጥያቄ ነው፦ «አዎን» ወይም «አይደለም» የሚያሰኝ ጥያቄ ከተጠየቀ በኋላ መልሱ ስንት ጊዜ ይቆያል? አማካዩ 200 ሚሊሰከንድ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ጃፓኖች ጥያቄው እንዳለቀ ወዲያው ይመልሳሉ፤ ዴንማርኮች ግማሽ ሰከንድ ለመሙላት ጥቂት እስኪቀር ይዘገያሉ፤ ሆላንዶች ከአማካዩ ፈጠን ይላሉ። ከሁሉም በላይ ልብ የሚባለው፣ ልዩነቱ ከሰከንድ ግማሽ ያነሰ ሆኖ ሳለ ጆሯችን እርሱን መመዘኑ ነው። ከለመደው ጥቂት የዘገየ መልስ ሲሰማ አድማጭ «አመነታ»፣ «አልወደደውም»፣ «ሊክድ ነው» ብሎ ይተረጉማል።

አማርኛ ከአሥሩ ቋንቋዎች አንዱ አልነበረም፤ ቢሆን ኖሮ ተመራማሪዎቹ አንድ እንግዳ ነገር ይገጥማቸው ነበር። የእኛ አድማጭ ዝም ብሎ አይሰማም። ተናጋሪው እያንዳንዱን ሐረግ ሲያሳርፍ አድማጩ አየር ወደ ውስጥ ስቦ «እ» ይላል፤ ይህም ሰምቻለሁ፣ አብሬህ ነኝ፣ ቀጥል ማለት ነው። በየመሐሉ «እሺ»፣ «ወይ ጉድ»፣ «እግዚኦ» ይገባል። ሰላምታችንም ቢሆን ተራ የሚጠብቅ አይደለም። «እንደምን ናችሁ፣ ልጆች ደኅና፣ ከብቱ ደኅና» የሚለውን ሁለቱም ወገኖች ባንድ ጊዜ ይሉታል፤ ምስጋናውም ጥያቄውም ተደራርቦ ይሄዳል፤ ጆሮም ይህን መደራረብ እንደ ፍቅር ይቆጥረዋል። እንግዲህ በዚህ ጨዋታ መካከል ግማሽ ሰከንድ አስገቡበት። የአድማጩ «እ» ለተባለለት ሐረግ መድረሱ ይቀርና በሚቀጥለው ሐረግ ላይ ይወድቃል። ተናጋሪው አንዱን ነገር ሲናገር ለሌላው ማረጋገጫ ይሰማል። ወይም ምንም አልሰማ ብሎ ያቆማል፤ ባቆመበት ቅጽበት የዘገየው «እሺ» ይደርስና ያቋርጠዋል። ሁለቱም ባንድነት ይናገራሉ፣ ሁለቱም ባንድነት ዝም ይላሉ። ከዚያ በኋላ «ሃሎ? ሃሎ? ትሰማኛለህ?» ነው።

ወላጆቹን በአገር ቤት ትቶ በሮተርዳም ወይም በዘ ሄግ የሚኖር ሰው ይህን ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም። በበርሊን የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2014 ባወጡት ጥናት ደግሞ ነገሩን በሙከራ አሳይተዋል። በስልክ መስመር ላይ ሆን ተብሎ መዘግየት ሲጨመር ተነጋጋሪዎቹ መስመሩን ከመውቀስ ይልቅ እርስ በርሳቸው ይወቃቀሳሉ፤ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ልቡ ሌላ ቦታ ያለ፣ ለጨዋታውም ደንታ የሌለው ሆኖ ይታያቸዋል። ርቀቱ ያጠፋውን ዘመዱ ይከሰስበታል ማለት ነው። መርዶ በሚነገርበት፣ የታመመ በሚጠየቅበት፣ ለተጣሉ ሽማግሌ በሚቆምበት የስልክ ጨዋታ ላይ ይህ ስሕተት ቀላል ዋጋ የለውም።

በእኔ እምነት መዘግየትን ለማወቅና በስሙ ለመጥራት ከሬዲዮ አማተሮች ሳተላይት የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። የምክሬን ምክንያት ከማስረዳቴ በፊት ሳተላይቷን ላስተዋውቅ።

ኢስሃይል-2 የተባለችው የኳታር የመገናኛ ሳተላይት በኖቬምበር 15 ቀን 2018 ከፍሎሪዳ ተመጠቀች። ዋና ሥራዋ ቴሌቪዥን ማሠራጨት ነው። ነገር ግን የኳታር የአማተር ሬዲዮ ማኅበርና አምሳት የተባለው የጀርመን የሳተላይት አማተሮች ማኅበር ተባብረው፣ በሆዷ ውስጥ ለአማተሮች ብቻ የሚያገለግሉ ሁለት ትራንስፖንደሮች እንዲገቡ አደረጉ። ይህ የአማተር ክፍል በፌብሩዋሪ 2019 ለሕዝብ ተከፈተ፤ ኪውኦ-100 ተብሎም ተሰየመ። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማተር ሳተላይቶች ከአድማስ ወጥተው ወደ አድማስ የሚጠልቁ ነበሩ። በቦታው ጸንቶ ቀንና ሌሊት የሚያገለግል የአማተር ትራንስፖንደር ይህ የመጀመሪያው ነው። ከብራዚል እስከ ታይላንድ ያለውን የምድር ገጽ ይሸፍናል፤ አውሮፓና አፍሪካ በሙሉ ሊባል በሚችል መጠን በዚህ ጥላ ሥር ናቸው።

ቦታዋ ምሥራቅ 26 ዲግሪ አጠገብ ነው። ይህን ቁጥር የሚያውቁ አንባቢዎች ፈገግ እንደሚሉ አልጠራጠርም፤ የአረብሳት ባድር ሳተላይቶች ሰፈር ነውና። በአዲስ አበባ ጣራዎች ላይ ለዓመታት ወደዚያ የዞሩት ሳህኖች፣ በአምስተርዳም ዛውድኦስትም ሆነ በዘ ሄግ የስደተኛ ሰፈሮች በረንዳ ላይ ለአረብኛ ፊልም የተሰቀሉት ሳህኖች፣ ባለቤቶቻቸው ሳያውቁት የአማተሮቹንም ድምፅ ሲቀበሉ ኖረዋል። ድምፁ የሚወርደው ከ10,489.5 ሜጋሄርዝ ጀምሮ ባለው ጠባብ ረድፍ ላይ፣ በቨርቲካል አቅጣጫ ነው። ተራው የቴሌቪዥን ኤልኤንቢ ይህን ወደ 740 ሜጋሄርዝ አካባቢ አውርዶ በገመዱ ይልከዋል። የቤቱ ሪሲቨር ግን ከ950 ሜጋሄርዝ በታች ያለውን ስለማያይ ምንም አያሳይም። በኮምፒውተር ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ አነስተኛ ተቀባይ በሪሲቨሩ ቦታ ቢገባ ግን የሞርሱም የሰዉም ድምፅ ይሰማል። የኤልኤንቢው ዓይነት ፒኤልኤል የተባለው ቢሆን ይመረጣል፤ የድሮዎቹ በብርድና በሙቀት ፍሪኩዌንሲያቸው ስለሚንሸራተት የሰው ድምፅ ያበላሻሉ።

የአዲስ አበባ ዕድል ከእኛ ይበልጣል። ከአምስተርዳም ሳተላይቷ ከአድማስ 27 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብላ ነው የምትገኘው፤ ከፊቷ አንድ ረዥም ሕንፃ ከቆመ አለቀላት። ከአዲስ አበባ ግን 71 ዲግሪ ላይ፣ ከራስ በላይ ልትሆን ጥቂት ሲቀራት ትቆማለች። ሮተርዳም ደግሞ ከአምስተርዳም ይልቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ለሳተላይቷ ትቀርባለች፤ የድምፁ ደርሶ መልስ በአንድ ሚሊሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጥራል ማለት ነው። በእግር ኳስ ለሚፎካከሩት ለሁለቱ ከተሞች ሰዎች ይህን ብንነግራቸው አንዱ ወገን መኩራቱ አይቀርም።

ወደ መዘግየቱ እንመለስ። በዚህች ሳተላይት የሚናገር አማተር የራሱን ድምፅ ከሰማይ ተመልሶ ይሰማዋል። ይህ አጋጣሚ አይደለም፤ ግዴታው ነው ማለት ይቻላል። በትክክለኛው ፍሪኩዌንሲ ላይ መሆኑን፣ ኃይሉም ከሚገባው አለመብለጡን የሚያውቀው የራሱን ድምፅ ሰምቶ ነው። ኃይሉን ያበዛ ሰው ላይ ደግሞ በጀርመን ቦኹም የሚገኘው ጣቢያ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ይለቅበታል፤ የመሣሪያው ስም ላይላ ይባላል፤ በላይላ መገሰጽ በአማተሮች ዘንድ የታወቀ ሐፍረት ነው። እንግዲህ በአምስተርዳም የተነገረው ቃል ወደ ተናጋሪው ጆሮ የሚመለሰው ከ259 ሚሊሰከንድ በኋላ ነው። በርናርድ ሊ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1950 እንዳሳየው፣ የገዛ ድምፁን ወደ 200 ሚሊሰከንድ ገደማ አዘግይተው የሚያሰሙት ጤነኛ ሰው ይንተባተባል፣ ቃላቱን ይጎትታል፣ አንዳንዱም ጨርሶ ያቆማል። የጂኦስቴሽነሪ ሳተላይት መዘግየት ምላስ ከሚታሰርበት ከዚህ ቁጥር እምብዛም አይርቅም።

ታዲያ አማተሮቹ ምን አደረጉ? የጆሮ ማዳመጫቸውን ድምፅ ዝቅ አደረጉ፣ ምላሳቸውን አሠለጠኑ፣ ከሁሉም በላይ ግን ደንብ አወጡ። ተናግረህ ስትጨርስ መጨረስህን ንገር። በሞርስ ከሆነ ሰረዝ፣ ነጥብ፣ ሰረዝ፤ በቃል ከሆነ ተራውን በግልጽ አስረክብ። ከዚያ በኋላ ጠብቅ። ዝምታው ግማሽ ሰከንድ ቢሆን ደንግጠህ አትድገም። ይህ ደንብ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባውም ነበር። በጥንቱ የበላ ልበልሃ ሙግት ተሟጋቹ ነገሩን በሥርዓት ጀምሮ በሥርዓት ይዘጋል፤ ሌላው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ጆሮን የሚንከባከብ የንግግር ሥርዓት ነበረን፤ ስልኩ ሲመጣ ለስልኩ የሚሆን አላወጣንለትም።

የአማተሮቹ መዘግየት ሐቀኛ ነው የምለውም ለዚህ ነው። ዛሬም፣ ነገም፣ በዝናብም፣ በፀሐይም ያው ነው። ከርቀቱ በስተቀር ሌላ ምክንያት የለውም ሊባል ይችላል፤ ትራንስፖንደሩ የሚጨምረው ነገር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በሌሎቹ መንገዶች ግን መዘግየቱ ድብልቅ ነው፤ ሳተላይቱም ያላጠፋውን ይሸከማል። ጎረቤትህ ጎሉን አይቶ ሲጮኽ አንተ ገና ኳሱን መሐል ሜዳ ላይ የምታየው ሰማዩ ስለራቀ ብቻ አይደለም፤ ምስሉን የሚያጨምቁትና የሚፈቱት በምድር ያሉ ሣጥኖች ጊዜውን ስለሚበሉት ነው። በዚያችው በኢስሃይል-2 ሰፊው ትራንስፖንደር ላይ አማተሮች ቴሌቪዥን ያስተላልፋሉ፤ ምስሉም ሰከንዶች ዘግይቶ ይታያል። ሰማዩ ከዚያ ውስጥ ያለው ድርሻ ሩብ ሰከንድ ነው፤ የተረፈው የኮምፒውተሮቹ ነው። የበይነ መረብ ጥሪም እንዲሁ ነው። ከአምስተርዳም እስከ አዲስ አበባ በፋይበር የሚሄድ ብርሃን መንገዱ ጥምዝ ቢሆንም ከሳተላይቱ እጅግ ይፈጥናል፤ ጥሪው ሲንቀራፈፍ የምንሰማው የመጠባበቂያ ቋቱን፣ የተጨናነቀውን አንቴና፣ የስልኩን ጉልበት ማነስ ነው። እርሱም በየደቂቃው ይለዋወጣል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለስልክ ንግግር ባወጣው ምክር ባንድ አቅጣጫ እስከ 150 ሚሊሰከንድ ያለውን መዘግየት ለአብዛኛው አገልግሎት ተስማሚ ይለዋል፣ ከ400 በላይ ያለውንም እንዳይታቀድ ያሳስባል። ኪውኦ-100 በሁለቱ መካከል ናት፤ መጥፎ ቀን የገጠመው የበይነ መረብ ጥሪ ግን ከሁለቱም ያልፋል።

ከምድር ቀረብ ብለው የሚዞሩት የአማተር ሳተላይቶች በተቃራኒው መዘግየት የላቸውም ማለት ይቻላል። በሮተርዳምና በዘ ሄግ መካከል ያለው የዴልፍት የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሠሯት ዴልፊ-ሲ3 በኤፕሪል 28 ቀን 2008 ከህንድ ተመጥቃ ነበር፤ ከ15 ዓመት በላይ ዞራ በኖቬምበር 2023 በከባቢ አየር ውስጥ ተቃጥላ ጠፋች። የላከችውን መረጃ በየአገሩ ያሉ አማተሮች እየተቀበሉ ለዴልፍት ያስተላልፉላት ነበር። እንዲህ ባለችው ሳተላይት የድምፅ ጉዞ የሚለካው በጥቂት ሚሊሰከንድ ነው። ችግሩ ሌላ ነው፦ በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትሮጥ ፍሪኩዌንሲዋ እንደሚያልፍ የባቡር ፊሽካ ቃናው ይለዋወጣል፤ ከአድማስ እስከ አድማስም አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ትቆያለች። በሌላው ጫፍ ደግሞ በድሬንተ ክፍለ ሀገር የቆመው የ1956ቱ የድዊንገሎ ራዲዮ ቴሌስኮፕ አለ። ዛሬ በአማተሮች እጅ ሆኖ ድምፅን ከጨረቃ ላይ አንጥሮ ይመልሳል፤ ሁለት ሰከንድ ተኩል ይፈጃል። ሰው ስሙን ጠርቶ፣ ትንፋሹን ስቦ፣ ከዚያ ስሙን ከጨረቃ ይሰማል።

እዚህ ላይ ስለ ዘ ሄግ አንድ ነገር ሳልጨምር ማለፍ አልችልም። ሃንሶ ኢድዘርዳ የተባለ የሬዲዮ መሐንዲስ በኖቬምበር 6 ቀን 1919 በዘ ሄግ ከሚገኘው ቤቱ ቀድሞ በጋዜጣ ያስነገረውን የሙዚቃ ዝግጅት አሠራጨ፤ በመደበኛነት ለሕዝብ ከተላለፉት የዓለም የመጀመሪያ ሥርጭቶች አንዱ ነው። በሴፕቴምበር 1944 ጀርመኖች ከዚያው ከዘ ሄግ አካባቢ ቪ-2 የተባለውን ሮኬት ወደ ለንደን መተኮስ ጀመሩ። ኢድዘርዳ ነገሩ ምን እንደሆነ ለማወቅ ጓጉቶ ከወደቀ ሮኬት ቁራጭ ሊያነሣ ሄደ፤ ተይዞም በኖቬምበር 1944 ተረሸነ። ዓመት ሳይሞላ፣ በኦክቶበር 1945፣ አርተር ክላርክ የተባለው እንግሊዛዊ ይህንኑ የሮኬት ጥበብ መነሻ አድርጎ በቦታቸው ጸንተው የሚቆሙ የሬዲዮ ማስተላለፊያዎች ሊኖሩ እንደሚችሉ ጻፈ። የዛሬዋ የኪውኦ-100 ምሕዋር ያ የተጻፈለት ምሕዋር ነው። ሬዲዮንም ሮኬትንም በገዛ ከተማው ያየው ሰው ሁለቱ ሲጋጠሙ ለማየት አልበቃም።

«ይህ ሁሉ ያለፈበት ነው፤ አሁን በ550 ኪሎ ሜትር የሚዞሩ በሺህ የሚቆጠሩ የበይነ መረብ ሳተላይቶች አሉ፣ መዘግየቱም ጠፍቷል» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ለተጠቃሚ መልካም ነው፤ አልቃወምም። ነገር ግን በእነዚያ መስመሮች ላይ ደንበኛ እንጂ ባለቤት መሆን አይቻልም፤ ሣጥኑን ከፍቶ የሚመረምር፣ መዘግየቱን የሚለካ፣ ፍሪኩዌንሲውን የሚያስተካክል ልጅ አይወጣባቸውም። የሰው ልጅም ከምድር ሊርቅ ተዘጋጅቷል። ከጨረቃ ጋር የሚደረግ ንግግር ደርሶ መልሱ ሁለት ሰከንድ ተኩል ነው፤ ከማርስ ጋር የሚደረገው ባንድ አቅጣጫ ብቻ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይሆናል። መዘግየትን አጥፍተን ጨረስን የሚለው አባባል ከዝቅተኛው ምሕዋር አይሻገርም።

ኢትዮጵያ በዲሴምበር 2019 የመጀመሪያዋን የምድር ምልከታ ሳተላይት ከቻይና አስመጥቃለች፤ እንጦጦ ላይም የመቀበያ ጣቢያ አላት። በአዲስ አበባ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በአምስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ የአማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ አለ፤ ኢቲ3ኤኤ የሚለው መጠሪያውም በዓለም አማተሮች ዘንድ ተፈላጊ ነው። የጎደለው ብዛት ነው። ከሳተላይቷ ሥር ማለት ይቻላል የተቀመጠች፣ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ከአንድ ክለብ በላይ ድምፅ ሊኖራት ይገባል። በ2019 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ለተማሪዎችና ለግለሰብ አማተሮች ግልጽ፣ ርካሽና ፈጣን የፈቃድ መንገድ ቢያበጅ፣ ቴሌኮምን የሚያህል ገቢ አያገኝበትም፤ ቴሌኮምን የሚጠግኑ እጆች ግን ያፈራበታል።

እኛም በሦስቱ ከተሞች ያለን ሥራ ግልጽ ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ ልጆቻችንን ፊደል የምናስቆጥርባቸው አዳራሾች አሉን። አንድ ያረጀ ሳህን፣ አንድ ኤልኤንቢ፣ አንድ ላፕቶፕ በዚያ ቢቆም ለመስማት ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። ለመናገር ፈተና ማለፍ ይጠይቃል፤ በ1945 የተመሠረተው ቬሮን የተባለው የአገሪቱ የአማተሮች ማኅበር ግን በአምስተርዳምም፣ በሮተርዳምም፣ በዘ ሄግም ቅርንጫፍ አለው፤ ፈቃድ ያለው አባል ማግኘትም አይገድም። እርሱ ጣቱን አንዴ ይነካ፣ ነጥቧ ትውጣ፣ ላፕቶፑ የወጣችውንም የተመለሰችውንም ይቅዳ። ልጆቹ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ፤ 259 ሚሊሰከንድ ሊያገኙ ይገባል። በዚያው ሰዓት በአምስት ኪሎ ያሉት ተማሪዎች ያንኑ ቢያደርጉ 241 ያገኛሉ። ርቀቱን በእጥፍ ወስደው በሰዓቱ ቢያካፍሉት ሁለቱም ወገኖች አንድ ዓይነት ፍጥነት ላይ ይደርሳሉ። በሁለቱ ልኬት መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ በየጊዜው «በጣም ሩቅ ነው» እያልን የምንነግራቸው አገር ከዚህ ይልቅ ለሳተላይቷ በስንት ኪሎ ሜትር እንደሚቀርብ ያሰላላቸዋል፦ 2,800 ገደማ።